እንዳይጠፋ ብለው ያጠፉት ስልክ
አረጋውያን ወላጆችን ከአገር ቤት ሲያስመጡ፦ የመንገዱ ድካምና የዘመኑ ቴክኖሎጂ

በዋሽንግተን አቅራቢያ በሚገኘው በደለስ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን በሚያርፍበት ማለዳ አበባ ይዞ የሚቆም ኢትዮጵያዊ ጠፍቶ አያውቅም። በዲሴምበር 2021 በአንዱ ማለዳ እዚያ ከቆሙት መካከል በአሌክሳንድሪያ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ነበረች። የምትጠብቀው እናቷን ነው። አምስት ዓመት አልተያዩም። አውሮፕላኑ ማረፉን የሚናገረው ሰሌዳ ከበራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ የእናቷ ስልክ ግን ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ ደወለች፤ «እኔ እስከ በሩ ሸኝቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላውቅም» አላት።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና እናት ብቅ አሉ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጭምብላቸውን እስከ ዐይናቸው ስበው፣ ወረቀት የሞላበትን ፌስታል በደረታቸው አቅፈዋል። መሳሳሙ ጋብ ሲል ልጅ ጠየቀች፦ «እማዬ፣ ስልኩስ? ስንቴ ደወልኩልሽ!» እናት መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። «ይኸውልሽ፤ እንዳይጠፋ ብዬ አጥፍቼው ነው።»

አጠገባቸው የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እናትም አብረው ሳቁ። ልጅ የቀረውን የሰማችው መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። አውሮፕላኑ በመንገድ ላይ ለነዳጅ ሲያርፍ እናት አሜሪካ የደረሱ መስሏቸው ሻንጣቸውን ይዘው ተነሥተዋል፤ አስተናጋጇ በምልክት መልሳ አስቀምጣቸዋለች። የመጸዳጃ ቤቱ በር እንዴት እንደሚከፈት ስላላወቁና ሰው መጠየቅ ስላፈሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ነው የመጡት። እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባ ብሎ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ከልጃቸው ጋር የሚያገናኛቸው ስልክ መቀነታቸው ውስጥ ተቋጥሮ ነበር።

ልጅ ለቲኬቱ ገንዘብ አጠራቅማለች፣ ለቪዛው ወረቀት አዘጋጅታለች፣ ጥሩ ስልክም ገዝታ ልካለች። ሳታስብበት የቀረው አንድ ነገር ቢኖር፣ መንገዱን ደረጃ በደረጃ ለእናቷ መንገርና ስልኩን በእጃቸው ማስለመድ ነው። የአረጋዊ ሰው የመንገድ ምቾት ከወንበሩ ስፋት ይልቅ ቀጥሎ የሚመጣውን በማወቅና፣ ሲጨንቅ ልጅን ማግኘት በመቻል ይለካል።

ወረቀቱ ስልክ ውስጥ የገባበት ዘመን

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው ማርች 11 ቀን 2020 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ ተገኘ። በዚያው ወር ወደ አገር ቤት የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ ለ14 ቀን ሆቴል ውስጥ ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። አሜሪካም ከጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ጀምሮ በአየር ከሚገባው ሰው ከበሽታው ነጻ መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ውጤት ጠየቀች። በፌብሯሪ መጀመሪያ ላይ በአውሮፕላን ውስጥ ጭምብል ማድረግ ግዴታ ሆነ። ከኖቬምበር 8 ቀን 2021 ወዲህ ለውጭ አገር ዜጎች የክትባት ማስረጃ ተጨመረ። ከዲሴምበር 6 ቀን ጀምሮ ደግሞ ምርመራው ከበረራው በፊት ባለው አንድ ቀን ውስጥ የተደረገ እንዲሆን ተወሰነ። የአሌክሳንድሪያዋ ልጅ እናት የተጓዙት ይህ ሁሉ በተደራረበበት ሳምንት ነው።

ዛሬ እነዚህ ግዴታዎች ተነሥተዋል። የአውሮፕላን ጭምብል በኤፕሪል 2022፣ የምርመራው ወረቀት በጁን 2022፣ የክትባቱ ማስረጃ በሜይ 2023 ቀርተዋል። አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ዱሮ በእጅ ይያዝ የነበረው ወረቀት ሁሉ ስልክ ውስጥ እንደገባ ቀርቷል። ቲኬቱ በኢሜይል ይመጣል፤ ወንበሩ በስልክ ይመረጣል፤ የመሳፈሪያው ካርድ ስክሪን ላይ የሚታይ ነጠብጣብ ያለበት ምስል ሆኗል። ወረርሽኙ ሲሄድ ስልኩን ትቶልን ሄደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በእነዚያ ዓመታት ስልኩ የጉዞ ዕቃ ብቻ አልነበረም። ለቅሶ በስልክ ተለቅሷል፤ የልጅ ልጅ በስልክ ታይቷል፤ የእናቱን ቀብር በወንድሙ ስልክ መስኮት በኩል የተመለከተ ሰው ብዙ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ የሚሰማውን ጭንቀትም ወገን አይቶታል። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ በመላው ኢትዮጵያ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጦርነት ጋር ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ፣ ከወላጁ ጋር ለወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ድምፅ ሳይሰማማ የኖረ ቤተሰብ አለ። ይህን ያየ ሰው ለእናት ስልክ ማስተማርን እንደ ቅንጦት አይቆጥረውም።

ስምና የልደት ቀን

የብዙ ወላጆች መከራ የሚጀምረው ገና ቦሌ ሳሉ ነው። በፓስፖርት ላይ የራስ ስም፣ የአባትና የአያት ስም ሰፍሮ ሳለ፣ የጤና ጣቢያው ወረቀት ላይ የራስና የአባት ስም ብቻ ይጻፋል። «ወርቅነሽ» የሚለው ስም አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሌላ ይጻፋል። የልደት ቀኑም እንዲሁ ነው። በግንቦት 1940 ዓ.ም. የተወለዱ እናት ፓስፖርታቸው 1948 ይላል፤ የክትባት ካርዱ ላይ ግን መዝጋቢው እናት በቃላቸው የነገሩትን 1940 አሰፈረው። ለእኛ ሰው ሁለቱም አንድ ቀን ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን የስምንት ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ከላይ የተጠቀሱት እናት በዚሁ ምክንያት ከመሳፈሪያው መስኮት ተመልሰው፣ ልጃቸው እየሮጠ ወረቀቱን አሳርሞላቸዋል።

የኮቪድ ወረቀት ዛሬ ባይጠየቅም፣ ቲኬቱ፣ ቪዛውና የሐኪሙ ደብዳቤ አሁንም አንድ ዓይነት ስም ሊኖራቸው ይገባል። ቲኬት የሚቆርጠው ልጅ የፓስፖርቱን ፎቶ አስልኮ፣ ፊደል በፊደል እያየ ይሙላ። በቃል ተነግሮት አይሙላ።

ከቦሌ እስከ ደለስ

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ብዙ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን ከዚያ ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ ብዙውን ጊዜ በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ሲያርፍ ኖሯል፤ አንዳንድ ጊዜ ደብሊን፣ አንዳንድ ጊዜ ሎሜ። ከደለስ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ግን፣ የሚነሣው ከዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ በቀጥታ ይበራል። ይህን ለወላጅ አስቀድሞ መንገር ትልቅ ፋይዳ አለው፦ «መጀመሪያ የምታርፉበት አሜሪካ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ካልተነሣ እንዳትነሺ።» ቲኬቱን የሚቆርጠው ልጅም አውሮፕላኑ የት እንደሚያርፍና መንገደኛው ይወርድ እንደሆነ ጠይቆ ይንገራቸው።

ሌላው የእግር ነገር ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይነሡ መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ለሕይወት ያሰጋል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ውፍረት ሲጨመር፣ በቅርብ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም የካንሰር ሕመም ያለበት ሰው ሲሆን ስጋቱ ይበልጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየጊዜው ተነሥቶ በመተላለፊያው ወዲያና ወዲህ ማለት፤ መነሣት ካልተቻለ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ የእግር ጣቶችን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ። መተላለፊያው አጠገብ ያለውን ወንበር አስቀድሞ መያዝ ለዚህ ይረዳል። ሐኪም ከፈቀደ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠበቅ ያለ ካልሲ ማድረግ ጥሩ ነው። አስፕሪን ግን በጎረቤት ምክር አይዋጥም፤ ሐኪም ይጠየቅ።

በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እጅግ ደረቅ ነውና ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። ብዙ እናቶች የማይጠጡት መጸዳጃ ቤቱን ስለሚፈሩ ነው። ስለዚህ በሩ መሐሉ ላይ ሲገፋ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ፣ መቀርቀሪያው ሲዘጋ መብራት እንደሚበራ፣ ውሃ የሚለቀቅበት ቁልፍ ድምፁ ኃይለኛ ቢሆንም የማያስፈራ መሆኑን መንገር አያሳፍርም። ከተቻለ የሄደ ሰው በስልኩ ቀርጾ ያሳያቸው። በጾም ወቅት ለሚጓዙም የጾም ምግብ ከበረራው ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት በቲኬቱ ላይ ማስመዝገብ ይቻላል።

መድኃኒት ሁልጊዜ በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይሁን። ኢንሱሊን ደግሞ ከታች ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ፈጽሞ አይላክ፤ በቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል በክረምት ስምንት፣ በበጋ ሰባት ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ «ጠዋትና ማታ» የተባለው ክኒን በመንገድ ላይ መቼ እንደሚዋጥ ሐኪም ጠይቆ በአማርኛ ጽፎ መስጠት ይገባል። ጭምብልም ግዴታ ባይሆን፣ ሳንባቸው ወይም ልባቸው ደካማ የሆነ ሽማግሌዎች በተጨናነቀ ቦታ ቢያደርጉት ይበጃቸዋል።

ዊልቼር ውርደት አይደለም

«እኔ ቁልቢ በእግሬ የሄድኩ ሰው፣ በጋሪ ልገፋ?» የሚሉ አባቶች ጥቂት አይደሉም። ቁልቢ ግን የሚሄዱበትን ያውቁ ነበር። በማያውቁት አየር ማረፊያ፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ በረጅም መተላለፊያ ላይ ዊልቼር የሚገፋው ሰው መንገድ መሪም ነው። ደለስ የደረሰ መንገደኛ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ቤት የሚያህል ተንቀሳቃሽ መኪና ውስጥ ይገባና ወደ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ይወሰዳል። ለማያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ጉዞ የተጀመረ ይመስለዋል።

ይህ አገልግሎት በነጻ ነው። በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግና ሕጉን ተከትለው የወጡት ደንቦች፣ ወደ አሜሪካ የሚበሩትን የውጭ አየር መንገዶች ጨምሮ፣ አየር መንገዱ እርዳታ ለሚጠይቅ አካል ጉዳተኛ ወይም መራመድ ለሚያዳግተው ሰው ዊልቼር እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ቲኬቱ ሲቆረጥ ቢመዘገብ ይሻላል። ደረጃ መውጣት ለሚችል፣ ረጅም መንገድ ግን ለሚያደክመው ሰው የሚሰጠው መለያ «ደብልዩ ሲ ኤች አር» ይባላል፤ ቲኬቱ ላይ መስፈሩን ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህም ጋር አንድ ካርቶን ወረቀት ይዘጋጅ። በአንድ ገጹ በእንግሊዝኛ «የምናገረው አማርኛ ነው፤ ልጄ ውጭ እየጠበቀችኝ ነው፤ ስልኳ ይህ ነው» ይበል። በሌላው ገጽ በትልቅ አማርኛ የመንገዱ ቅደም ተከተል ይጻፍ። ባትሪ ያልቃል፤ ካርቶን አያልቅም።

ልጅ በየአገሩ፣ አፕ በየልጁ

የአንድ የአዲስ አበባ እናት ስልክ ቢከፈት የቤተሰቡ ስደት እዚያው ይነበባል። ቤሩት ያለችው ልጅ በኢሞ ትደውላለች። ዱባይ ያለችው በቦቲም ነው፤ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በዋትስአፕ መነጋገር ሲታገድ ኖሯልና። አሜሪካ ያለው በዋትስአፕ ወይም በቫይበር፣ አዲስ አበባ ያለው በቴሌግራም። እናት አራት ልጅ ስለወለዱ አራት አፕ መማር አለባቸው ማለት ነው። ከዚያ ልጆች ተሰብስበው «እማዬ እኮ ስልክ አይገባትም» ይላሉ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ አዝለው፣ ከሥራ በኋላ በቀበሌ ተሰብስበው ነው። በ31 ዓመት ዕድሜ ሀሁ የጀመረ ሰው በ73 ዓመቱ አንድ ቁልፍ መማር አያቅተውም። የሚያቅተው የልጆቹ ትዕግሥት ማጣት ነው።

ነጥቆ መሥራት ማስተማር አይደለም

በየቤቱ የሚታየው እንዲህ ነው። እናት ስልኩን ያቀርባሉ፤ ልጅ ከእጃቸው ይነጥቅና በሦስት ሴኮንድ ይሠራል፤ «ይኸው» ብሎ ይመልሳል። እናት ያዩት የልጃቸውን ጣት ሩጫ እንጂ ትምህርት አይደለም። የመጀመሪያው ደንብ፣ አስተማሪው እጁን ወደ ኋላ ያድርግ የሚል ነው። ስልኩ ከእናት እጅ አይውጣ።

ሁለተኛው ደንብ ቃል ነው። «አፑን ክፈቺና ኮንታክት ውስጥ ግቢ» ከማለት «የእኔን ፎቶ ንኪ» ማለት ይቀላል። በስልኩ የፊት ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ፎቶ ቢቀመጥና ፎቶው ሲነካ ጥሪው ቢሄድ፣ አፑ ማን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛው የጣት ነገር ነው። የዱሮ ስልክ የለመደ እጅ ጠበቅ አድርጎ፣ ቆየት ብሎ ይጫናል። የዛሬው ስልክ ግን ሲነካና ሲጫኑት ሁለት የተለያየ ነገር ያደርጋል። ጥሪ ሲመጣም በአንዳንዱ ስልክ መንካት ሳይሆን መግፋት ነው የሚያነሣው። ስለዚህ «ነካ»፣ «ጫን»፣ «ግፋ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ለይቶ ማለማመድ ይገባል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የመጫኛውን ጊዜ ማርዘም፣ ፊደሉንም ማተለቅ ይቻላል። የአንድሮይድ ስልክ ደግሞ ቋንቋው ወደ አማርኛ ይቀየራል።

አራተኛው፣ መጻፍ ለሚከብዳቸው የድምፅ መልእክት ነው። ማይክራፎኑን ተጭኖ መናገር፣ ሲጨርሱ መልቀቅ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እንኳ ከሁሉ ፈጥነው የሚለምዱት ይህን ነው፤ ወግ ያውቃሉና።

አምስተኛው ሰዓት ነው። እናት «ዘጠኝ ሰዓት ደውዪ» ሲሉ የአገር ቤቱን ዘጠኝ ማለታቸው ነው። ስልኩ ያንኑ ሰዓት 3 ብሎ ይጽፈዋል፤ በክረምት ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ከጠዋቱ 7 ሰዓት ነው። ቀጠሮ በሁለቱም አቆጣጠር ካልተጻፈ፣ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይተኛል።

ከሁሉም በላይ፣ ትምህርቱ በቀን አሥር ደቂቃ፣ ያንኑ አንድ ነገር እየደጋገሙ ይሁን። ዛሬ ጥሪ ማንሣት፤ እርሱ ሲለምድ መደወል፤ ከዚያ የድምፅ መልእክት። ትምህርቱም መጀመር ያለበት ከበረራው አንድ ወር በፊት እንጂ በዋዜማው አይደለም።

ሌባውም ስልክ ይዟል

ስልክ ያወቀ ወላጅ ለሌባም ክፍት ይሆናል። «ልጅሽ አደጋ ደረሰበት፣ ቶሎ ገንዘብ ላኪ» የሚል ጥሪ በአገር ቤትም በአሜሪካም የተለመደ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሌቦች የቤተሰብን ድምፅ በኮምፒዩተር አስመስለው እንደሚደውሉ በ2023 አስጠንቅቋል። ስለዚህ ወላጅ ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥርና የገንዘብ መላኪያው ምስጢር ቁጥር፣ ከባንክም ከመንግሥትም ነኝ ላለ ሰው አይነገርም። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው ጥያቄ ይኑር፦ «የዱሮዋ ላማችን ስም ማን ነበር?» ያልመለሰ ሰው ልጅ አይደለም፤ ስልኩ ይዘጋ።

ሲመለሱ

የአሌክሳንድሪያዋ ልጅ ይህን ሁሉ የተማረችው ከእናቷ ጋር ባሳለፈችው ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመነጫነጭ አለፉ። ኋላ አስተማሪነቱን የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጅ ተረከበች፤ እርሷ አትቸኩልም ነበር። አያት ለእርሷ «ሀሁ» ያስቆጥሯታል፤ እርሷ ለአያቷ ስልክ ታስለምዳቸዋለች።

በጁን 2022 እናት ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዊልቼር ተገፍተው፣ ካርቶናቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ሄዱ። ዱሮ ቢሆን ልጅ የመድረሳቸውን ወሬ የምትሰማው ከወንድሟ ነበር። በማግስቱ ግን ወንድሟ ከመደወሉ በፊት የድምፅ መልእክት ገባ። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ግማሹ የቦሌ ጫጫታና «እሜቴ፣ በዚህ በኩል» የሚል የሰው ድምፅ ነው። ከዚያ የእናት ድምፅ መጣ፦ «ደርሻለሁ፤ ውሃም ጠጥቻለሁ፤ እግሬም ደህና ነው። ይሄ ነገር እየሰማሽኝ ነው ወይ?»

ልጅ መልእክቱን እስከ ዛሬ አላጠፋችውም።

እናት አባቱን ለማስመጣት የሚዘጋጅ ሁሉ፣ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት አንድ ወር ይቁጠር። ሰው የለመደውን ይዞ ሲጓዝ መንገዱ ያጥራል። ወላጆችን ሁሉ በጤና ያቆይልን።